ዘሪው ያላጨደው አዝመራ፦ የቦብ ማርሌ ሕይወትና ከሞቱ በኋላ የወጣው አልበም

በግንቦት 1975 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1983) አንድ አዲስ ሸክላ በቦብ ማርሌ አድናቂዎች እጅ ገባ። ድምጻዊው ካረፈ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። ልቅሶው ጋብ ብሏል፤ መቃብሩም በጃማይካ ኮረብታዎች መካከል ባለች አንዲት የገበሬዎች መንደር ተዘግቷል። ሸክላው ግን በሕይወት ሳለ ባሳተማቸው አልበሞቹ ውስጥ ያልነበሩ ዐሥር ዜማዎችን ይዞ መጣ። ስሙ «ኮንፍሮንቴሽን» ነው፤ መጋፈጥ፣ ፊት ለፊት መግጠም እንደ ማለት ነው።

ሽፋኑን የተመለከተ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉ ባዕድ አይሆንበትም። ቦብ ማርሌ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶ በጦር ሲወጋ ይታያል፤ አኳኋኑ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ከሚታየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የተወሰደ ነው። ሽፋኑ ሲገለጥ ደግሞ ውስጡ የዓድዋ ጦርነት ሥዕል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በዓድዋ ተራሮች ላይ የሆነው ነገር ከኪንግስተን በወጣ የሙዚቃ ሸክላ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ዓለምን ዞረ። ሥዕሉ የኔቪል ጋሪክ የእጅ ሥራ ነው፤ ጋሪክ ለረጅም ጊዜ የቦብን የአልበም ሽፋኖች ሲሠራ የኖረ ባልደረባው ነበር።

ያ አልበም ለአድናቂዎቹ ደስታ ብቻ ይዞ አልመጣም፤ ጥያቄም ይዞ መጣ። ዘሪው ሳያጭድ የሄደበትን ማሳ ሌሎች ቢሰበስቡት፣ ምርቱ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ለመረዳት ሰውየው ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ መመልከት ያሻል።

ሮበርት ኔስታ ማርሌ ጥር 29 ቀን 1937 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1945) በሰሜን ጃማይካ በሴንት አን አውራጃ፣ ናይን ማይል በተባለች መንደር ተወለደ። እናቱ ሴዴላ ማልኮም የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። አባቱ ኖርቫል ማርሌ በዕድሜ እጅግ የሚበልጣት ነጭ ሰው ነበር፤ ከልጁ ጋር ብዙም አልኖረም፤ ቦብ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለም አረፈ። ሕፃኑን ያሳደጉት የእናቱ ቤተ ዘመዶች ናቸው። አያቱ ኦሜሪያ ማልኮም በመንደሩ የተከበሩ ገበሬና የባህል መድኃኒት ዐዋቂ ነበሩ።

የሴንት አን አፈር ቀይ ነው። ኮረብታው ላይ ቦዬና ሙዝ ይበቅላል፤ ገበሬው ምርቱን በአህያ ጭኖ ገበያ ይወርዳል። የቦብ የልጅነት ዓለም ይህ ነበር። በኋላ ዓለም ሁሉ የከተማ ሰፈር ልጅ አድርጎ ቢያውቀውም፣ በእግሩ ቀይ አፈር የረገጠ፣ የአያቱን ፍየሎች የጠበቀ የገጠር ልጅ ነው። የገበሬውን ቋንቋ፣ ተረትና ምሳሌውን ከዚያ ይዞ ወጣ፤ ዝናብና ዘር፣ ሥርና ፍሬ በግጥሞቹ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ያለ ነገር አይደለም።

ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ገደማ ሲሆን እናቱ ኑሮ ፍለጋ ይዛው ወደ ኪንግስተን ወረደች፤ ያረፉትም ትሬንች ታውን በተባለው የድሆች ሰፈር ነው። ገጠሩን ጥለው ወደ ከተማ የፈለሱ ብዙ ቤተሰቦች በዚያ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። ቦብ ትምህርቱን አቋርጦ የብየዳ ሙያ ተማሪ ሆነ፤ አንድ ቀን የብረት ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሥቃዩ ጸናበት፤ ከዚያ በኋላ ልቡ ወደ ብየዳው አልተመለሰም። በ1954 ዓ.ም፣ ጃማይካ ከእንግሊዝ ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ የመጀመሪያውን ዜማውን አስቀረጸ። ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበር።

በትሬንች ታውን ከልጅነት ጓደኛው ከበኒ ሊቪንግስተንና ከፒተር ቶሽ ጋር ገጠመ። ጆ ሂግስ የተባለ አንጋፋ ድምጻዊ በግቢው ሰብስቦ ድምፅ ማስማማትን አስተማራቸው። ዌይለርስ የተሰኘው ቡድን እንዲህ ተወለደ። በ1956 ዓ.ም በኮክሶን ዶድ ስቱዲዮ የቀረጹት «ሲመር ዳውን» በጃማይካ ተወዳጅ ሆነ። ዝናው ግን እንጀራ አልሆነም፤ የዚያ ዘመን ወጣት ድምጻውያን ከሸክላው ሽያጭ የሚደርሳቸው እጅግ ጥቂት ነበር።

የካቲት 3 ቀን 1958 ዓ.ም ቦብ ሪታ አንደርሰንን አገባ። ከሠርጉ ወዲያው እናቱ ወደምትኖርበት ወደ አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት ሄዶ በፋብሪካ የጉልበት ሥራ ሠራ። እርሱ በባዕድ አገር ሳለ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ጎበኙ። ንጉሠ ነገሥቱን የመለኮት መገለጫ አድርገው የሚያምኑት የራስ ተፈሪያን ተከታዮች ከየኮረብታው ወርደው አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቀለቁት። ሪታ ከሕዝቡ መካከል ቆማ ንጉሡን አየች፤ ያየችውንም ለባሏ ነገረችው። ቦብ ወደ አገሩ ሲመለስ ልቡ ወደዚያው እምነት አዘነበለ። ኢትዮጵያ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዜማዎቹ ውስጥ ቤት ሠራች።

ከአሜሪካ መልስ የራሳቸውን አነስተኛ የሸክላ ማሳተሚያ ቢያቋቁሙም አላዋጣቸውም። ቦብና ሪታም ወደ ናይን ማይል ተመልሰው የአያቱን መሬት አረሱ። በከተማው ተሸንፎ ወደ ማሳው የተመለሰው ሰው በምሽት ጊታሩን ይዞ ኮረብታው ላይ ይቀመጥ ነበር። የሕይወቱ ጸሐፊዎች ያን ወቅት እንደ ዋዛ ቢያልፉትም፣ አገሩን የሚያውቁ አድናቂዎቹ ግን ረጋ ያለው የዜማው አካሄድ ከዚያ የእርሻ ጊዜ የተቀዳ ነው ይላሉ።

ለውጡ የመጣው ከክሪስ ብላክዌል ጋር ሲገናኙ ነው። የአይላንድ ሬከርድስ ባለቤት የነበረው ብላክዌል ገንዘብ ሰጥቶ አልበም እንዲሠሩ አደረገ፤ በ1965 ዓ.ም «ካች ኤ ፋየር» ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ፒተርና በኒ ከቡድኑ ተለዩ። በቦታቸው ተቀባይ ሆነው የቆሙት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ሪታ ማርሌ፣ ጁዲ ሞዋትና ማርሻ ግሪፍትስ። «አይ ትሪስ» ተባሉ። የእነዚህ ሦስት ሴቶች ድምፅ በኋላ፣ አቀንቃኙ ዝም ባለ ጊዜ፣ ትልቅ ሥራ ይጠብቀው ነበር።

በ1968 ዓ.ም በወጣው «ራስታማን ቫይብሬሽን» ውስጥ «ዋር» የተሰኘ ዜማ አለ። ግጥሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካሰሙት ንግግር የተወሰደ ነው። በዲፕሎማቶች አዳራሽ የተነገረ ቃል በከበሮና በባስ ጊታር ታጅቦ በየመንደሩ ተዘፈነ።

ኅዳር 24 ቀን 1969 ዓ.ም ምሽት ታጣቂዎች በኪንግስተን ሆፕ መንገድ ወደሚገኘው ቤቱ ገብተው ተኮሱ። አገሪቱ በምርጫ ፉክክር በሁለት ጎራ ተከፍላ ደም ትፋሰስ ነበር። ቦብ ደረቱና ክንዱ ላይ ቆሰለ፤ ሪታና ሥራ አስኪያጁም ተመቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ቁስሉን እንደታሰረ መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈነ። ቀጥሎ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ «ኤክሶደስ» የተሰኘውን አልበሙን በዚያው አገር ሠራ። በሚያዝያ 1970 ዓ.ም ወደ ኪንግስተን መድረክ ሲመለስ ሁለቱን ባላንጣ መሪዎች፣ ማይክል ማንሊንና ኤድዋርድ ሲያጋን፣ መድረክ ላይ ጠርቶ እጅ ለእጅ አያያዛቸው። ከሁለት ወር በኋላ በኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ሜዳሊያ ተሰጠው።

በ1971 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ቦብ ማርሌ የዘፈነላትን ምድር ለማየት ኢትዮጵያ ገባ። የመጣበት ዘመን ግን የዘፈነለት ዘመን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ሞተዋል፤ አገሪቱን ደርግ ይገዛል። ቦብ እስከ ሻሸመኔ ዘለቀ። በዚያ ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የመጡ ጥቁሮች ሰፍረውበት የነበረው አምስት ጋሻ መሬት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የዓለም ጥቁር ሕዝቦች ምስጋና እንዲሆን ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ግን መሬትን ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ የሰፋሪዎቹንም ይዞታ ነክቶታል። ቦብ ያገኘው በታላቅ ተስፋ መጥቶ በጥቂት መሬት ላይ የሚታገል ማኅበረሰብ ነበር። የገበሬ ልጅ ነውና መሬት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ የሠራው «ሰርቫይቫል» ከሥራዎቹ ሁሉ ወደ አፍሪካ ይበልጥ የቀረበ ነው። በሚያዝያ 1972 ዓ.ም ዚምባብዌ ነፃነቷን ስታውጅ በበዓሉ ላይ ዘፈነ። በዚያው ዓመት «አፕራይዚንግ» ወጣ፤ በጊታሩ ብቻ ታጅቦ በሚዘፍነው «ሪደምፕሽን ሶንግ» ተዘጋ። በሕይወት ሳለ ያየው የመጨረሻ አልበሙ ያ ነው።

በሽታው ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር። በ1969 ዓ.ም የእግሩ አውራ ጣት ላይ የቆዳ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ ቢመክሩትም እምቢ አለ። በመስከረም 1973 ዓ.ም በኒውዮርክ መናፈሻ ሲሮጥ ወደቀ፤ ካንሰሩ በሰውነቱ ተሠራጭቶ ነበር። መስከረም 13 ቀን 1973 ዓ.ም በፒትስበርግ ከተማ የመጨረሻውን ኮንሰርት አቀረበ። ሕይወቱ ከማለፉ ጥቂት ወራት በፊት በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ይስሐቅ አጠመቁት፤ የክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። በጀርመን የተደረገለት ሕክምና አላዳነውም። ወደ አገሩ ሲመለስ ማያሚ ላይ ደከመ፤ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1981) በ36 ዓመቱ አረፈ።

ግንቦት 13 ቀን ጃማይካ በመንግሥት ሥርዓት ቀበረችው። በኪንግስተን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረሰለት፤ ከዚያም አስከሬኑ ወደ ሴንት አን ኮረብታዎች ተጓዘ። ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ቆሞ ሸኘው። ጊታሩና መጽሐፍ ቅዱሱ አብረውት ተቀበሩ። የገበሬው የልጅ ልጅ ከተነሣባት መንደር ቀይ አፈር ተመለሰ።

ቦብ ማርሌ ኑዛዜ አልተወም። ዐሥራ አንድ ልጆች፣ ሚስት፣ እናት፣ የሙዚቃ ባልደረቦችና የሸክላ ኩባንያ ነበሩት፤ ማን ምን እንደሚወርስ የሚናገር ወረቀት ግን አልነበረም። የንብረቱ ጉዳይ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። በየስቱዲዮው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ውርስ ተቀምጦ ነበር፤ ድምጹ የተቀረጸባቸው ያላለቁ ቴፖች። አንዳንዶቹ የሙከራ ቅጂዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በጃማይካ ብቻ በነጠላ ሸክላ ወጥተው ሌላው ዓለም ያልሰማቸው ነበሩ።

«ኮንፍሮንቴሽን» ከእነዚህ ተሰባስቦ ተሠራ። ከዜማዎቹ አንዱ «ጃምፕ ናያቢንጊ» ነው። ቦብ በሕይወት ሳለ ለገበያ ሳይሆን ለጭፈራ ቤት አጫዋቾች በተቀረጸ ሸክላ ብቻ ይታወቅ ነበር፤ በዚያ ቅጂ ላይ የሴቶቹ ድምፅ አልነበረም። ከሞተ በኋላ ሪታ፣ ጁዲና ማርሻ ስቱዲዮ ገብተው ተቀበሉት። ሟቹ ያወጣል፤ ሕያዋኑ ይቀበላሉ። «ብላክማን ሪደምፕሽን» እና «ራስታማን ሊቭ አፕ» ደግሞ ቀድሞ በነጠላ ሸክላ ሲወጡ ሜዲቴሽንስ የተባለ የወንዶች ቡድን ነበር የተቀበላቸው። አልበሙ አንድ ወጥ ድምፅ እንዲኖረው ሲባል የወንዶቹ ድምፅ ወጥቶ የሴቶቹ ገባ።

በአድናቂዎች መካከል ያለው ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን የመጀመሪያዎቹን ነጠላ ሸክላዎች አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው በሕይወት ሳለ ሰምቶ ይሁን ብሎ ያወጣው እርሱ ነው፤ ከሞተ በኋላ የተነካው ግን ፈቃዱን ማንም ያልጠየቀበት ነው ባይ ነው። የወንዶቹን ሻካራ ድምፅ የለመደ ጆሮ፣ የሴቶቹ ልስላሴ ሲገባበት አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ቦብ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያለ እነዚህ ሦስት ሴቶች መድረክ ላይ እንዳልቆመ ያስታውሳል። ከእነርሱ በላይ የትንፋሹን አወጣጥና የዜማውን መዝጊያ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ የቀረውን ሊሞላ የሚገባው ሌላ ማን ነው ይላል።

የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ክርክር በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ማሳው ቢጫ ሆኖ አጫጁ ቢሞት ወይም ቢታመም ጎረቤት ማጭዱን ይዞ በደቦ ይወጣል። እህሉ ማሳ ላይ እንዲረግፍ አይተዉትም። አጭደው፣ ከምረው፣ ወቅተው ለሟች ቤት ያስገባሉ። ነገር ግን ደቦው የሚያጭደው የተዘራውን ነው። ጤፍ ከተዘራበት ማሳ ገብስ አያወጣም። «ኮንፍሮንቴሽን» በዚህ ሚዛን ሲታይ ከብዙዎቹ የሟች ድምጻውያን አልበሞች ይሻላል። ዜማውም ግጥሙም የሟቹ ነው፤ የተጨመረው አጃቢና ተቀባይ ነው። ያም ሆኖ የወንዶቹ ቡድን ድምፅ መውጣቱ ከደቦው ሥርዓት ያለፈ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ያ የተዘራውን ማጨድ ሳይሆን የበቀለውን ነቅሎ ሌላ መትከል ነው።

ከዐሥሩ ዜማዎች አንዱ ከሁሉም በላይ ሄደ። «በፋሎ ሶልጀር» በእንግሊዝ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። የሚናገረው በአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ስለተዋጉ ጥቁር ወታደሮች ነው፤ ከአፍሪካ ተነጥቀው ለባዕድ አገር ጦርነት ስለተሰለፉ ሰዎች። በአንድ ሸክላ ውስጥ ዜማው ለሌላው የተዋጋውን ጥቁር ወታደር ያነሣል፤ የሽፋኑ የውስጥ ሥዕል ደግሞ በዓድዋ ለገዛ አገሩ የተዋጋውን ያሳያል። ዜማው የቦብ ነው፤ ሥዕሉ የጋሪክ ነው፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠው ደግሞ ሞት ካለፈ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው። ደቦው ከራሱ የጨመረው መልካም ነገር ካለ ይህ ነው።

በኢትዮጵያ የሬጌ ወዳጆች ይህን ስሜት በራሳቸው ልጅም ቀምሰውታል። በ2005 ዓ.ም በድንገት ያረፈው ድምጻዊ እዮብ መኮንን ከሞተ በኋላ አልበሙ ለሕዝብ ሲደርስ፣ አድናቂዎቹ የሚወዱትን ድምፅ በደስታና በዕንባ ነበር የሰሙት። አዲስ ዜማ ነው፤ ዘፋኙ ግን የለም። ማድነቅ የሚፈልግ ሰው የሚያመሰግነው ያጣል። አልወደድሁትም ለማለትም አንደበት ይከብዳል፤ ለሟች መልስ የሚሰጥለት የለምና።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ተከበረ። ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ አደባባዩን ሞላው። በዚያው ሰሞን አጽሙ ከናይን ማይል ወጥቶ ወደ ሻሸመኔ ይምጣ የሚል ሐሳብ ተሰምቶ ነበር። በጃማይካ ብርቱ ቅሬታ አስነሣና ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። ጥያቄው እንደ አልበሙ ያለ ነበር። በሕይወት ዘመኑ ኢትዮጵያን የናፈቀ ሰው በሞቱ ወደ እርሷ ሊወሰድ ይገባዋል ወይስ የተወለደበት አፈር ይብቃው? ኑዛዜ የለም፤ ሟቹ አይጠየቅም። ሕያዋን በፍቅር ስም የሚያደርጉት ነገር ሁሉ የሟቹ ፈቃድ ነው ማለት አይቻልም።

አጽሙ በናይን ማይል ቀረ። ድምጹ ግን በሁለቱም መልክ አለ። ነጠላዎቹን ሸክላዎች የሚሰበስቡ አድናቂዎች ከወንዶቹ ቡድን ጋር የተዘፈነውን ይሰማሉ፤ ሌሎቹ ሪታና ባልንጀሮቿ የተቀበሉትን። ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው፣ የትኛው ቃል በዘሪው እጅ እንደወደቀ፣ የትኛው በአጫጆቹ እንደተሰበሰበ ለይቶ መስማት ይችላል። ከናይን ማይል ኮረብታ በታች ያሉት ገበሬዎች ደግሞ ዛሬም ቦዬአቸውን ይተክላሉ፤ ከመላው ዓለም የሚመጡ እንግዶች በማሳቸው ዳር አልፈው ወደ መቃብሩ ይወጣሉ።